ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በትንሽ ብር ጥሩ አልጋ እንዴት ይያዛል?

ከአዲስ አበባ በሌሊት የተነሳው አውቶቡስ ደሴ ሲያራግፋችሁ ጉልበታችሁ አልቋል። 400 ኪሎ ሜትር ቁጭ ብላችኋል። የጣርማበርን ቁልቁለት ወርዳችሁ፣ የሸዋ ሮቢትን ሙቀት ችላችሁ፣ ከኮምቦልቻ በኋላ ደግሞ ሐረጎን ጥምዝምዙን ወጥታችኋል። ልክ በዚህ ሰዓት አንድ ልጅ ቦርሳችሁን ያዝ ያደርግና "አልጋ ነው? ና፣ አሪፍ አልጋ አለ" ይላል። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። እኔም ተሸውጃለሁ።

ልጁ ይዞኝ የሄደው አንድ ፎቅ ላይ ያለ ፔንሲዮን ነበር። መብራት ጠፍቷል። "ሙቅ ውሃ አለ?" አልኳት እንግዳ ተቀባይዋን። "አለ።" "ዋይፋይስ?" "አለ።" "ረብሻ የለውም አይደል?" "አብሽር፣ ምንም የለው።" ከፈልኩ። ክፍሉን ያየሁት በስልኬ መብራት ነው፤ እሱንም አልጋውን ብቻ። ሦስት ሰዓት ላይ መብራት መጣና ከሥሬ ያለው ግሮሰሪ ዘፈኑን ለቀቀው። ጠዋት ሙቅ ውሃ ስል በባልዲ አመጡልኝ። ልጅቷ አልዋሸችኝም። ሙቅ ውሃ አለ፣ መሞቅ ነው የቀረው። ዋይፋይም አለ፣ ሪሴፕሽኑ ጋ ከቆማችሁ።

ወሎ ላይ እንግዳን "የለም" ብሎ መመለስ ይከብዳል። ክፋት የለበትም፣ ደግነት ነው። ግን በ"አለ" አይታደርም። ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ቀንሼ መነካካት አብዝቻለሁ። ቧንቧውን እከፍታለሁ፣ ፍራሹን እገልጣለሁ፣ በሩን እቆልፋለሁ። ከታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

አንድ ነገር ልበል በቅድሚያ። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ስምንት ተደራራቢ አልጋ ተደርድሮ፣ አንዷን አልጋ ብቻ የምትከራዩበት ሆስቴል ደሴም ኮምቦልቻም አልገጠመኝም። እዚህ ቦርሳ አንጋቹ የሚያድረው ፔንሲዮን ነው፣ ወይም "አልጋ አለ" የሚል ታፔላ የተሰቀለበት ቤት። ርካሹ የጋራ ሻወር ያለው ነው። ቀጥሎ የራሱ ሻወር ያለው ይመጣል። ከዚያ በላይ ያለው ሆቴል ነው፣ እሱን ለአለቃችሁ ተዉለት። ለሁለት ወይም ለሦስት ከሆናችሁ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ጠይቁና ብሩን ተካፈሉ። ብቻ ለተጨማሪ ሰው ያስከፍሉ እንደሆነ ቀድማችሁ አጣሩ።

1. መጀመሪያ ከተማውን ምረጡ

ደሴና ኮምቦልቻ ጎረቤት ናቸው። በመሃላቸው 25 ኪሎ ሜትር የማትሞላ መንገድ ናት። ሌሊታቸው ግን አይገናኝም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች ናት። አንዱ ጋ ሁለት ብርድ ልብስ ያስፈልጋል፣ ሌላው ጋ አጎበር።

የሚወስነው ግን የነገው መንገዳችሁ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከሆነ ደሴ እደሩ፤ ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ወልዲያና ላሊበላ የምትቀጥሉም ደሴ ይሻላችኋል። የሰኞውን የባቲ ገበያ ማየት የምትፈልጉ ደግሞ እሑድ ማታ ኮምቦልቻ እደሩ፤ የባቲ መንገድ የሚገነጠለው ከዚያ ነው። በአውሮፕላን የምትመለሱም እንዲሁ። አየር ማረፊያው ያለው ኮምቦልቻ ነው። ደሴ አድሬ ጠዋት እወርዳለሁ የሚል ሰው አይቻለሁ። ሐረጎ ላይ ጉም ከወረደ ወይም አንድ ሲኖትራክ መታጠፊያ ላይ ከቆመ ልቡ ይጠፋል።

ከተማውን ለማየት ብቻ ከመጣችሁ ደሴ። መሃል ከተማ ካደራችሁ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን የአይጠየፍ አዳራሽ በእግራችሁ ሄዳችሁ ታያላችሁ። ማታ ፒያሳ ላይ ወዲያ ወዲህ ማለትም የራሱ ጣዕም አለው።

2. የምትመጡበትን ቀን ከካላንደር ጋር አስተያዩ

አብዛኛውን ቀን ሳትደውሉ መጥታችሁ አልጋ ታገኛላችሁ። የማይገኝባቸው ቀኖች ግን አሉ። ዋናው መስከረም 21 ነው። የግሸን ማርያም ተጓዥ ሲሄድም ሲመለስም ደሴን ስለሚረግጥ፣ ከዚያ በፊት ያሉት ቀናትም ይጨናነቃሉ። ለገና ላሊበላ የሚወጣውም ሕዝብ ከፊሉ በዚሁ ያልፋል። መውሊድ ሲደርስ በዓሉ ወደሚከበርበት ወደ ጀማ ንጉሥ የሚሄደው እንግዳ አለ። ከዚያ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ምርቃት። ያን ሰሞን ከየአገሩ የመጣ ወላጅ አበባውን ይዞ አልጋ ፍለጋ ሲዞር ይውላል።

በእነዚህ ቀኖች ከሆነ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ደውላችሁ ያዙ። ስልክ ላይ "ይዘንልሃል" መባል ብቻውን አይበቃም። ቀብድ በቴሌብር ላኩ፣ የተቀበለውን ሰው ስም ያዙ፣ መልእክቱን አታጥፉ።

ኢንተርኔት ላይ የምታነቡትን አስተያየትና ፎቶ ደግሞ ቀኑን እዩ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ሁለቱም ከተሞች ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ብዙ ሆቴልና ሱቅ ተዘርፏል። ከዚያ በኋላ አሳምሮ ያደሰ አለ። ባለቤቱ የተቀየረ አለ። ስሙ ብቻ የቀረም አለ። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተነሳ ፎቶ ስለ ዛሬው ክፍል ምንም አይነግራችሁም።

መንገዱንም በዚያው በምትነሱበት ሰሞን ጠይቁ። የትናንት ወሬ ለዛሬ አይሆንም። ደሴ ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካላችሁ አንድ ስልክ ከአሥር ፌስቡክ ይበልጣል።

3. ሰፈር

ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መሃል የተዘረጋች ረጅም ከተማ ናት። መሃሉ ፒያሳና አራዳ አካባቢ ነው። ባንኩ፣ ምግቡ፣ ባጃጁ ሁሉ እጃችሁ ላይ ነው፤ ጫጫታውም እንዲሁ። ከመሃል ወጣ ያሉ ሰፈሮች ረጋ ይላሉ። ግን ማታ ለመመለስ ባጃጅ ኮንትራት ልትይዙ ነው፣ የአልጋው ቅናሽ እዚያ ላይ ይበላል።

በነጋታው በሌሊት የምትሳፈሩ ከሆነ ክርክር የለውም፣ መናኸሪያውን በእግር በምትደርሱበት ርቀት ላይ ያዙ። ቤቶቹ እዚያ አካባቢ ደከም ይላሉ፣ ለአንድ ሌሊት ይቻላል።

ኮምቦልቻ የፋብሪካና የሹፌር ከተማ ናት። ዋናው መንገድ ዳር ያለው አልጋ ሁሉ ከባድ መኪና ሲያሞቅ ይሰማዋል። መንገድ ተሻግራችሁ አንድ ቅያስ ግቡ፣ እንቅልፍ እዚያ አለ።

4. ቢያንስ ሦስት ቤት እዩ

በተቻለ መጠን ጀምበር ሳትጠልቅ ድረሱ። ካልሆነ ቦርሳችሁን አንድ ካፌ አስቀምጡና ማኪያቶ እዘዙ፤ አንዳችሁ እዚያ ይቆይ፣ ሌላው ይዙር። ብቻችሁን ከሆናችሁ ደግሞ ለካፌዋ ልጅ "እህት፣ አሥር ደቂቃ ጠብቂልኝ" ብትሉ እሺ የማይል ብዙም አይገጥማችሁም። ገንዘብና መታወቂያ ግን ከኪሳችሁ አይውጣ። ይህን የምለው ቦርሳ ያነገተ ሰው መዞር ስለሚሰለቸውና ያገኘውን ስለሚይዝ ነው። እጁን አወናጭፎ የሚሄድ ሰው "አይ፣ አመሰግናለሁ" ለማለት አይቸገርም።

ደላላው ልጅ ላይ ክፉ አትሁኑ፣ እንጀራው ነው። ግን ኮሚሽኑ አልጋው ዋጋ ላይ እንደሚጨመር እወቁ። "አልጋ ይዣለሁ፣ አብሽር" ብላችሁ እለፉ።

5. ክፍሉን ፈትሹ

የምትፈትሹት የምታድሩበትን ክፍል ራሱን ነው። "ሁሉም አንድ ዓይነት ነው" ከተባላችሁም ቁልፉ ይምጣ በሉ። የሚያሳፍር ነገር የለውም። አንዲት የአልጋ ሠራተኛ እንደውም ፍራሹን ስገልጥ አይታ "እሱን ሳታይ አትደር ወንድሜ" ብላ ሌላኛውን ጫፍ አብራኝ አንስታለች።

ከአልጋው ጀምሩ። ቦርሳችሁን አልጋው ላይ አታስቀምጡ፣ ወንበር ላይ ወይም የሻወሩ ሴራሚክ ላይ አድርጉት። አንሶላውን ከራስጌው በኩል ግለጡ። ፍራሹን ከግድግዳው ሳብ አድርጉ። የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ስፌቱ የሚዞርበትን ጠርዝ ቀስ ብላችሁ ተከተሉ። ትኋን ቀን ቀን ይደበቃል፣ ስለዚህ የምትፈልጉት ዱካውን ነው። እንደተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ያለ ጥቁር ነጠብጣብ፣ አንሶላው ላይ ዝገት የመሰለ የደም ምልክት፣ የወለቀ ስስ ቅርፊት። ጥቁሩን ነጠብጣብ በረጠበ ሶፍት ንኩት። እንደ ቀለም ከተሰራጨ የትኋን ነው። ራሱን ካገኛችሁት የተልባ ፍሬ ያህላል፣ ጠፍጣፋና ቡናማ ነው፤ ደም ከጠጣ ይነፋና ይቀላል።

ከፍራሹ ቀጥሎ ራስጌውን እንጨት እዩ። ስንጥቁን፣ የብሎኑን ቀዳዳ፣ ግድግዳውን የሚነካበትን። ክፍሉ የተባይ መድኃኒት በኃይል ከሸተተም ጠርጥሩ፤ ማንም ያለ ነገር አይረጭም። ካገኛችሁ "ሌላ ክፍል ልስጥህ" ሲሏችሁ እሺ አትበሉ። ትኋን በግድግዳ ስንጥቅ ጎረቤት ክፍል ይገባል። ቤቱን ቀይሩ። ነክሷችሁ ካደረ ደግሞ ቤት ስትገቡ ልብሱን ሁሉ በጣም በሞቀ ውሃ ዘፍዝፋችሁ እጠቡ፣ ቦርሳውን ፀሐይ ላይ ዘርግታችሁ ስፌቱን ፈትሹ።

ብርድ ልብሱ ሲታይ ንጹሕ ቢመስልም የሚታጠበው አንሶላው ነው። እኔ ጋቢ ይዤ ነው የምሄደው። ከአንሶላው በላይ ጋቢዬ፣ ከጋቢው በላይ የእነሱ ብርድ ልብስ። ብርዱም ቀረ፣ ጥርጣሬውም ቀረ።

ወደ ውሃው ስትሄዱ የአጠያየቅ ነገር አለ። "ሙቅ ውሃ አለ?" ካላችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ። "ቦይለሩ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚበራው?" በሉ። "ውሃ በፈረቃ የሚመጣው በየትኛው ቀን ነው?" በሉ። "አለ" ተብሎ የማይመለስ ጥያቄ ጠይቁ። ከዚያ ቧንቧውን ከፍታችሁ ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ ቱቦ ውስጥ የቀረች ውሃ መጀመሪያ ላይ ታታልላለች። ሽንት ቤቱን ልቀቁት፣ መልሶ መሙላቱን እዩ። ጣሪያው ላይ ሮቶ መኖሩን ደጅ ቆማችሁ ታያላችሁ። ሮቶ የሌለው ቤት ውሃ በጠፋ ቀን ጀሪካን ነው።

ቦይለር ከሆነ ከመታጠባችሁ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያም በላይ ቀድሞ መብራት አለበት። ሻወሩ አናት ላይ የሚገጠመው ኢንስታንት ከሆነ ሽቦውን ተመልከቱ። የተላጠ ወይም በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ ካያችሁ፣ ወይም ቧንቧውን ስትነኩ ነዘር ካደረጋችሁ፣ አትታጠቡ። የባልዲው ውሃ ይሻላል። ያኔ እኔም ባልዲውን ባልረግመው ጥሩ ነበር።

በሩን ከውስጥ ቆልፉ፣ ከዚያ ግፉት። መቀርቀሪያው ይይዛል? ቁልፉ ከውስጥ ሲዞር ይከፍታል ወይስ ትታገሉታላችሁ? መስኮቱ በረንዳ ላይ ወይም ኮሪደር ላይ ከሆነ መዝጊያው ይሥራ። ሴት ሆና ብቻዋን ለምትጓዝ ይሄ ከውሃውም ይቀድማል። ሪሴፕሽኑ ላይ ማታ ሰው መኖሩን፣ የጋራ ሻወሩ ከውስጥ መቆለፉንና ኮሪደሩ ማታ መብራት እንዳለው ማየትም አይቀርም። ታች ባር ያለበት ቤት ከሆነ ለእህቴ አልመርጥላትም።

የጩኸቱን ነገር ቀን ላይ መገመት ትችላላችሁ። መስኮቱን ክፈቱና ምን እንደሚታይ እዩ። ግሮሰሪ? ጋራዥ? የአይሱዙ መቆሚያ? ከኋላ በኩል ያለውን ክፍል ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ዋጋውም አንድ ነው። አዛኑና ቅዳሴው ግን የትም ብትሄዱ አይቀርላችሁም። ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይከተላል። የደሴ ጠዋት ነው፣ ውደዱት።

6. ብርድና ትንኝ

ከጥቅምት እስከ ጥር የደሴ ሌሊት አጥንት ይገባል። ክፍሉ ጣሪያው ቆርቆሮ ብቻ ከሆነና ኮርኒስ ከሌለው ሌላ ፈልጉ። ሁለተኛ ብርድ ልብስ ስትገቡ ጠይቁ፤ ማታ አምስት ሰዓት ላይ ቁልፉን የያዘችው ልጅ ተኝታለች።

እዚህ ላይ አልቀልድም። በምንም ምክንያት የከሰል ምድጃ ወደተዘጋ ክፍል አታስገቡ። ቡና ተፈልቶበት "ፍሙ ብቻ ነው፣ ጭስ የለውም" ቢባልም። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታትና ድካም ይሰማችኋል፣ ትተኛላችሁ፣ አትነቁም። ከበረዳችሁ የሞቀ ውሃ ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ በካልሲ ጠቅልሉና እግራችሁ ሥር ክተቱት።

ኮምቦልቻ ላይ ጉዳዩ ሌላ ነው። ክረምቱ ወጥቶ እስከ ኅዳር ድረስ ወባ አለ ብላችሁ ያዙ። አጎበሩ ቀዳዳ እንደሌለው ዘርግታችሁ እዩ፣ ፍራሹ ሥር የሚገባ ርዝመት ይኑረው። አጎበር የሌለው ቤት ከሆነ የመስኮቱን ወንፊት እዩ። እሱም ከሌለ እለፉት።

7. ዋጋ

ዋጋ አልጽፍላችሁም። ይሄን ስታነቡ ጨምሮ ይሆናል። በምን እንደሚቀንስ ግን ልንገራችሁ። ለሁለትና ለሦስት ሌሊት ከያዛችሁ ይቀንሳሉ። ሰው በሌለበት ሰሞን ይቀንሳሉ። ክፍሉን አይታችሁ ቦይለሩ እንደማይሠራ ካገኛችሁ "እንግዲህ ያለ ሙቅ ውሃ ሒሳቡ ስንት ነው?" በሉ፣ ይቀንሳሉ። በፈገግታ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይቀንሳሉ። ወሎ ላይ ጠበኛ ተከራካሪ አያተርፍም፤ ሰላምታውን አስረዝሙ፣ የቤቱን ሰው ደህንነት ጠይቁ፣ ከዚያ ወደ ብሩ ግቡ።

ከመክፈላችሁ በፊት የመውጫ ሰዓቱን ጠይቁ። ጠዋት 4 ሰዓት የሚል ቤት አለ፣ 6 ሰዓት የሚልም አለ። ቁርስ አለው ወይ? ቦርሳ ከወጣን በኋላ ታስቀምጡልናላችሁ ወይ? በቴሌብር ይቻላል ወይ? ደረሰኝ ተቀበሉ። ፈረቃ የቀየረ ሰው "አልከፈላችሁም" ቢላችሁ ደረሰኙ ይናገራል።

ምግብ ቤት ያለው ከሆነ ሥጋው የሙስሊም ነው የክርስቲያን ብላችሁ ጠይቁ። ማንም አይቀየማችሁም፤ እዚህ አገር የተለመደ ጥያቄ ነው፣ የተደባለቀ ቡድን ከሆናችሁ ደግሞ ማታ ከመራብ ያድናል።

8. መታወቂያና ማታ

መታወቂያ ሳትይዙ አልጋ አታገኙም፤ ፋይዳም ሆነ የቀበሌ። ይመዘግቧችኋል። መዝግበው ይመልሱ፣ እነሱ ጋ አያድርባችሁ። ወንድና ሴት አብራችሁ ከሆነ የጋብቻ ወረቀት የሚጠይቅ ቤት ሊገጥማችሁ ይችላል። አትጨቃጨቁ፣ ወይ ሁለት ክፍል ያዙ፣ ወይ ቀጣዩን ቤት ሞክሩ።

ስትገቡ "የሰዓት ገደብ አለ ወይ? ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት ይሠራል?" ብላችሁ ሪሴፕሽኑን ጠይቁ። እንደየጊዜው ይቀያየራል። እራታችሁን በዚያ ልክ አስቡ።

በሌሊት የምትወጡ ከሆነ ከመተኛታችሁ በፊት የግቢውን ዘበኛ ፈልጉ። ማታ ላይ በሩ ይቆለፋል፣ ቁልፉ እሱ ጋ ነው። "ጋሼ፣ እኔ 10 ሰዓት ላይ ወጪ ነኝ" በሉትና የክፍላችሁን ቁጥር ንገሩት። ሻይ ቢጤ እጁ ላይ ጣል አድርጉ። ከዚያ የት እንደሚተኛ እዩ፣ በጨለማ የምትቀሰቅሱት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። "አብሽር፣ እኔ እቀሰቅስሃለሁ" ይላችኋል። አላርማችሁን ሙሉ።